የሳንቲም ማሽን ልጅ፦ ሴጋ ገበያውን እንዴት አጣ?

በ2025 «ፎርዛ ሆራይዘን 5» የተባለው የመኪና ውድድር ጌም በሶኒው ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ገባ። ለጌም ተጫዋች ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። ፎርዛ የማይክሮሶፍት ነው። ሰው የማይክሮሶፍትን ኮንሶል (ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ ጌም የሚጫወቱበትን ማሽን) ኤክስቦክስን እንዲገዛ ተብሎ የተሠራ ጌም ነው። ማይክሮሶፍት ግን ከ2024 ጀምሮ የራሱን ጌሞች አንድ ሁለት እያለ ለተፎካካሪው ማቀበል ጀምሯል። ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር ታዲያ ከመሀል አንዱ «ኤክስቦክስም እንደ ሴጋ ሊሆን ነው» ማለቱ አይቀርም።

እንደ ሴጋ መሆን ምን ማለት ነው? ሴጋ በአንድ ወቅት የራሱን ኮንሶል ይሠራ የነበረ፣ በኋላ ግን ትቶት ለሌሎች ማሽኖች ጌም ወደ መሥራት የዞረ የጃፓን ኩባንያ ነው። ስሙን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ታሪኩ ሲወራ ግን አጥሮ ነው፤ «ሶኒ መጣ፣ ሴጋን ጣለው» ተብሎ ያልቃል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሶኒ ሲመጣ ሴጋ በገዛ እጁ መድማት ከጀመረ ቆይቷል። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።)

ከሥሩ ልጀምር። ሴጋ የሚለው ስም «ሰርቪስ ጌምስ» ከሚሉ ሁለት ቃላት ተቆርጦ የመጣ ነው። የጀመሩት አሜሪካውያን ናቸው። ሥራቸው ለአሜሪካ የጦር ሰፈሮች ሳንቲም የሚጎርሱ የመጫወቻ ማሽኖችን ማቅረብ ነበር። ሥራው ወደ ጃፓን ተሻገረና ቶኪዮ ላይ ሥር ሰደደ። በ1965 ዴቪድ ሮዘን ከሚባል ነጋዴ ድርጅት ጋር ተዋሐደ። ሮዘን የአሜሪካ አየር ኃይል ባልደረባ ሆኖ ጃፓንን ያወቀ፣ ከዚያም እዚያው ንግድ የጀመረ ሰው ነው። በሚቀጥለው ዓመት «ፔሪስኮፕ» የሚባል ማሽን ወጣ። ተጫዋቹ በሰርጓጅ መርከብ መነጽር አጮልቆ እያየ መርከብ ያሰጥማል። ተወደደ፤ ከጃፓንም አልፎ ተሸጠ።

ይህን ሁሉ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ሴጋ ያደገው ሳንቲም ማሽን ቤት ውስጥ ነው፤ ያ ቤት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። አዲስ ማሽን ሲመጣ አሮጌው ወደ ጓሮ ይጣላል። ተጫዋቹ ቅር አይለውም፣ ያወጣው አንድ ሳንቲም ነዋ። ነገ አዲሱ ላይ ሌላ ሳንቲም ይጥላል። የቤት ኮንሶል ግን ሌላ ነገር ነው። አባት ከደመወዙ ቀንሶ ነው የሚገዛው። ሲገዛም በልቡ ውል ይዋዋላል፦ ይህ ዕቃ አራት አምስት ዓመት ያገለግላል፣ ጌምም ይወጣለታል፣ ልጁም እስኪጠግብ ይጫወትበታል። እንደኔ እንደኔ ሴጋ ይህን ውል መቼም በቅጡ አልገባውም።

ጁላይ 15 ቀን 1983 ሴጋ የመጀመሪያውን የቤት ኮንሶል ጃፓን ውስጥ ለገበያ አቀረበ። ተፎካካሪው የጃፓን ኩባንያ ኒንቴንዶም ፋሚኮም የተባለ ኮንሶሉን ያወጣው በዚያው ቀን ነው። ዕድል ካጡ አይቀር እንዲህ ነው። ፋሚኮም ገበያውን ጠራርጎ ወሰደው። ሴጋ ቀጥሎ ማስተር ሲስተምን ይዞ መጣ፤ አውሮፓና ብራዚል ተቀበሉት እንጂ ጃፓንና አሜሪካ ዞር ብለውም አላዩት። የኒንቴንዶን ግድግዳ የነቀነቀው በ1988 የወጣው ሜጋ ድራይቭ ነው። አሜሪካ በ1989 ሲገባ ስሙ ጀነሲስ ተባለ፤ ዋጋው 189 ዶላር።

በ1990 የሴጋ አለቃ ሃያኦ ናካያማ ቶም ካሊንስኪን የአሜሪካው ቅርንጫፍ ኃላፊ አድርጎ ቀጠረው። ካሊንስኪ የጌም ሰው አልነበረም። ማቴል በሚባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ባርቢን ሲሸጥ የኖረ ነው። ምናልባትም የጠቀመው ይኸው ነው፤ ወላጅ ምን ሲያስብ ኪሱን እንደሚከፍት ያውቃል። ገበያውን አጥንቶ ቶኪዮ ሄደና ሐሳቡን ዘረገፈ። ዋጋው ወደ 149 ይውረድ። ከኮንሶሉ ጋር በነጻ የሚሰጠው ምርጡ ጌማችን ይሁን። አሜሪካ ውስጥ ለአሜሪካ ልጅ የሚሆን ጌም ይሠራ። ኒንቴንዶን ደግሞ በማስታወቂያ ፊት ለፊት እንተርበው። ካሊንስኪ ራሱ ደጋግሞ እንዳወራው፣ ስብሰባው ላይ የነበሩት ሁሉ ተቃወሙ። ናካያማ ግን ከመውጣቱ በፊት ዞር ብሎ «የቀጠርኩህ እንድትወስን ነው፤ ያልከውን አድርግ» አለው።

ያለውን አደረገ። በጁን 1991 ያ ሰማያዊ ጃርት፣ ሶኒክ የተባለው የጌም ጀግና፣ ወጣ። ኒንቴንዶ በዚያው ክረምት አዲሱን ኮንሶሉን ሱፐር ኒንቴንዶን በ199 ዶላር ሲያመጣ፣ ጀነሲስ ከነሶኒኩ በ149 ሱቅ ውስጥ ይጠብቀው ነበር። ልጆቹ ለሁለት ተከፈሉ። ኒንቴንዶ የትንሽ ወንድም፣ ሴጋ የታላቅ ወንድም ዕቃ ተባለ። በ1993 «ሞርታል ኮምባት» የተባለው የድብድብ ጌም ለቤት ኮንሶል ሲወጣ ኒንቴንዶ ደሙን ወደ ላብ ቀየረው። የሴጋው ላይ ግን ምስጢራዊ ቁልፎችን ተራ በተራ ሲነኩ ደሙ ይፈሳል። የትኛው የበለጠ እንደተሸጠ መናገር አያስፈልግም። ከጥቂት ዓመት በፊት እዚህ ግባ የማይባለው ሴጋ ከአሜሪካ ገበያ ግማሹን ያዘ። ሜጋ ድራይቭ በዓለም ዙሪያ ወደ 30 ሚሊዮን ተሸጠ።

ጃፓን ውስጥ ግን ይኸው ማሽን ሦስተኛ ነበር። ከሱፐር ፋሚኮም (ሱፐር ኒንቴንዶ ጃፓን ውስጥ የሚጠራበት ስም ነው) ብቻ ሳይሆን ኤንኢሲ ከሚባለው ኩባንያ ፒሲ ኢንጂን ጭምር ያንሳል። የልጅ ቤት ከአባት ቤት በልጦ ተገኘ ማለት ነው። በዚያ ዘመን እዚያ የሠሩ ሰዎች ሲያወሩ፣ የቶኪዮ ሰዎች በአሜሪካዎቹ ስኬት ደስ አላላቸውም ይላሉ። ቅናት ነበር አልነበረም የሚለውን ለእነሱ ልተወው። የሚታየው ነገር ግን አለ፦ አሜሪካ ውስጥ ጀነሲስ ገና ወርቅ እየታፈሰበት፣ ቶኪዮ ውስጥ ደግሞ «ይህ ዕቃ አልቆለታል፣ ቀጣዩን አምጡ» ይባል ነበር። ሁለቱም ከቆሙበት ቦታ ሲያዩት ትክክል ናቸው። ጣጣው አንድ ኩባንያ መሆናቸው ነው።

እዚህ ላይ የሳንቲም ቤቱ ጠባይ ብቅ አለ። መጀመሪያ ሴጋ ሲዲ መጣ። ጀነሲስ ሥር የሚሰካ የሲዲ ማጫወቻ ሲሆን አሜሪካ ውስጥ በ1992 በ299 ዶላር ተሸጠ፤ ከዋናው ኮንሶል ይበልጣል። ብዙዎቹ ጌሞቹ ደብዛዛ ቪዲዮ እያዩ አልፎ አልፎ ቁልፍ የሚነኩባቸው ነበሩ። በ1994 ኖቬምበር ደግሞ 32ኤክስ ተከተለ። ይኼኛው ከላይ፣ ካሴት በሚገባበት ቀዳዳ የሚሰካ ጥቁር እንጉዳይ መሳይ ነገር ነው። ዋጋው 159 ዶላር።

ሦስቱንም የገዛ ልጅ ቤት እንሂድ። ከታች ሲዲው፣ መሀል ጀነሲስ፣ ከላይ እንጉዳዩ። ሦስቱም የየራሳቸው አዳፕተር አላቸው። ያኔ አዳፕተር ማለት ደግሞ እንደ ጡብ የወፈረ፣ አንዱ ሲሰካ ያጠገቡን ቀዳዳ የሚከድን ነገር ነው። አንድ ዲቫይደር ሙሉውን ለአንድ መጫወቻ ይያዛል። ጀነሲሱን ከ32ኤክስ ጋር የሚያገናኝ ሌላ ገመድም አለ። ልጁ ይህን ሁሉ ሰካክቶ ቁጭ ሲል ወላጆቹ ወደ 600 ዶላር አውጥተዋል። ልክ በዚያው ወር ታዲያ ሴጋ ጃፓን ውስጥ ሳተርን የተባለውን አዲሱን ኮንሶሉን መሸጥ ጀመረ። የ32ኤክስ ጌም ሳተርን ላይ አይሠራም፤ የሳተርንም 32ኤክስ ላይ አይሠራም። ጌም የሚሠሩ ኩባንያዎች ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ነገ ለሚሞት ማሽን ማን ይለፋል? ለ32ኤክስ በዕድሜው ሙሉ ወደ 40 ጌም ብቻ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ሱቆች በ20 ዶላር አካባቢ ማራገፍ ጀመሩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ሳተርን ራሱ መጥፎ ማሽን አልነበረም። ችግሩ ከባድነቱ ነው። በውስጡ ሁለት ዋና አንጎለ ኮምፒውተር፣ ሁለት የምስል ቺፕና ሌሎችም ተጣምረው ይሠራሉ። ሁለት ወጥ ሠሪ በአንድ ምድጃ እንደማለት ነው። ሁለቱን አስማምቶ ማሠራት የሚችል ጎበዝ ካለ ግሩም ወጥ ይወጣል፤ ከሌለ አንዷ ቆማ ሌላዋን ታያለች። የሴጋ ትልቁ የጌም ባለሙያ ዩ ሱዙኪ ሳይቀር አንድ ፈጣን አንጎል ይሻል እንደነበር፣ ከሁለቱ ሙሉ ፍጥነታቸውን ማውጣት የሚችል ፕሮግራመርም ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው ሲል ተናግሯል። ቤቱ የሠራውን ዕቃ የቤቱ ሰው እንዲህ ካለ ውጭ ያለው ምን ይበል? ሶኒ በአንጻሩ ለጌም ሠሪዎች ቀለል ያለ ማሽን፣ ፕሌይስቴሽንን፣ ከነተዘጋጁ መሣሪያዎቹ ሰጣቸው። የሳተርን የሦስት አውታር ምስሎች የሚሠሩት በአራት ማዕዘን ነው፤ የሌላው ሰው መሣሪያ ሁሉ ግን በሦስት ማዕዘን ይሠራል። ከፕሌይስቴሽን ወደ ሳተርን ጌም ማዛወር ስለዚህ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ሆነ።

ጃፓን ውስጥ «ቨርቹዋ ፋይተር» የተባለው የሳንቲም ማሽን ጌም ስሙ ገኖ ስለነበር ሳተርን ጥሩ ተሸጠ። አሜሪካ ውስጥ የሆነው ግን እስካሁን ይወራል።

ሜይ 11 ቀን 1995፣ ሎስ አንጀለስ። ኢ3 የተባለው የጌም ዐውደ ርእይ ለመጀመሪያ ጊዜ እየተካሄደ ነው። ሴጋ ሳተርን የሚወጣው ሴፕቴምበር 2 ነው ብሎ ለሁሉም ተናግሯል። ሱቆች ቦታ አዘጋጅተዋል፤ ጌም ሠሪዎችም ሥራቸውን ለሴፕቴምበር አስልተዋል። ካሊንስኪ መድረክ ላይ ወጣና ሳተርን ዛሬ ገበያ ላይ ነው አለ። 399 ዶላር። በአራት የሱቅ ድርጅቶች ብቻ ይገኛል። ሐሳቡ የእሱ አልነበረም፤ ከቶኪዮ የመጣ ትእዛዝ ነው፣ እሱ ተቃውሞ ነበር። ግን አፉ የእሱ ነው።

በዚያው ቀን የሶኒ ተራ ደረሰ። ከአሜሪካው ሶኒ ስቲቭ ሬስ ተጠርቶ ወደ መድረኩ ወጣ። የያዘውን ወረቀት አስተካከለና «299» አለ። ተመልሶ ተቀመጠ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። በንግድ ታሪክ ውስጥ ከዚህ ያጠረ ንግግር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህን የ100 ዶላር ልዩነት ነው። ለኔ ግን የከፋው ሌላው ነው። ያልተነገራቸው ሱቆች እንደተከዱ ቆጠሩት። ኬቢ ቶይስ የተባለው ትልቅ የአሻንጉሊት ሱቅ ጭራሽ የሴጋን ዕቃ ከመደርደሪያው አወረደ። ለሴፕቴምበር ሲሠሩ የነበሩ ጌም ሠሪዎች ማሽኑ ያለ እነሱ ሲወጣ አዩ። የገዛውም ሰው ከተወሰኑ የሴጋ ጌሞች በቀር የሚጫወተው አጥቶ ክረምቱን አሳለፈ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው፤ ሴጋ ግን የፈሰሰውን ለቅሞ አልጨረሰም። ፕሌይስቴሽን ሴፕቴምበር 9 ሲወጣ የአራት ወሩ ብልጫ በንኖ ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ቶኪዮ ሌላ ውሳኔ አስተላለፈ። ኃይላችንን ሁሉ ሳተርን ላይ እናድርግ፣ አሮጌዎቹን እንተው ተባለ። ለጃፓን ልክ ነው፤ እዚያ ሜጋ ድራይቭ ድሮም አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ግን ሚሊዮኖች ጀነሲስ ቤታቸው አለ፤ ለገና ካሴት ሊገዙ ይፈልጋሉ። ኒንቴንዶ አልቸኮለም። አሮጌ በተባለው ሱፐር ኒንቴንዶ ላይ «ዶንኪ ኮንግ ካንትሪ»ን አውጥቶ በሚሊዮን ይሸጥ ነበር። ሴጋ ያን ገንዘብ መንገድ ላይ ጥሎት ሄደ።

ካሊንስኪ በ1996 ለቀቀ። ከአሜሪካው ሴጋ አለቆች አንዱ የሆነው በርኒ ስቶላር በ1997 ኢ3 ላይ «ሳተርን የወደፊታችን አይደለም» የሚል ነገር ተናገረ። እውነት ነው። ግን እኮ ሳተርን ያኔ ሱቅ ውስጥ እየተሸጠ ነው! ሻጩ ይህን ሰምቶ ለደንበኛው ምን ይላል? እስከ ማርች 1998 ባለው የሒሳብ ዓመት ሴጋ 35.6 ቢሊዮን የን ከሰረ። ሳተርን በዕድሜው 9 ሚሊዮን ከምናምን ሲሸጥ ፕሌይስቴሽን ከ100 ሚሊዮን አለፈ።

ከዚያ ድሪምካስት መጣ። እውነቱን ለመናገር ሴጋ ከሠራቸው ሁሉ ምርጡ ይህ ነው። ለጌም ሠሪ ቀላል፣ ምስሉ ጥርት ያለ። ማንም ሳያስበው ሞደም ከውስጡ ተገጥሞለት ወጣ፤ ኮንሶልን ከኢንተርኔት ጋር ማያያዝ ዛሬ የተለመደ ነው፣ ያኔ እብደት ይመስል ነበር። አሜሪካ የገባው 9/9/1999 ነው፣ በ199 ዶላር። በ24 ሰዓት ከ225 ሺህ በላይ ኮንሶል ተሸጠ፤ ከነጌሙ የተሰበሰበው 98.4 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሴጋ ተነሳ ተባለ።

ነገር ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ። ኢኤ ለድሪምካስት አንድም ጌም አልሠራም። ኢኤ ማለት ያኔ «ፊፋ» የተባለውን የእግር ኳስና «ማደን» የተባለውን የአሜሪካ ፉትቦል ጌም የሚሠራ ኩባንያ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሴጋ የራሱን የስፖርት ጌሞች ሠርቶ ቀዳዳውን ለመድፈን ሞከረ፤ ጥሩም ነበሩ። ፊፋ የሌለበት ኮንሶል ይዞ አውሮፓ መግባት ግን ኳስ ሳይዙ ሜዳ እንደመግባት ነው። ገዢውም ቆጠብ አለ። ሶኒ ድሪምካስት አሜሪካ ሳይገባ በፊት፣ ገና በማርች 1999፣ ፕሌይስቴሽን 2 እየመጣ ነው ብሎ አውጆ ነበር። የድሮ ጌምህን ያጫውታል፣ ዲቪዲ ፊልምም ያሳያል አለ። ያኔ ዲቪዲ ማጫወቻ ውድ ነው። በአንድ ዋጋ ሁለት ዕቃ ከተባለ ማን አይጠብቅም? በተለይ 32ኤክስና ሳተርን ገዝቶ የተቃጠለ ሰው «ሴጋ ይህንንስ መቼ ይጥለዋል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ድሪምካስትን ኮፒ ገደለው የሚሉ አሉ። እርግጥ በ2000 መከላከያው ተሰበረ፤ ቺፕ ሳይገጠም ተራ ሲዲ ላይ የተቀዳ ጌም ያጫውት ጀመር። ሴጋ ኮንሶሉን በኪሳራ እየሸጠ ገንዘቡን ከጌም ለመመለስ ነበር ያሰበው፤ ስለዚህ ሳይጎዳው አልቀረም። ለሞቱ ምክንያት ነው ሲሉኝ ግን አይዋጥልኝም። ሰፈሬ የነበረውን ፕሌይስቴሽን ቤት አስታውሳለሁ። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር። ሲዲው ሁሉ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ኮፒ ነው፤ ኦርጅናል የሚባል በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሌንሱ ሲደክም ባለቤቱ ማሽኑን ገልብጦ በጀርባው ያስተኛዋል፤ ያኔ ያነባል። ይህ ሁሉ ሆኖ ፕሌይስቴሽን አልሞተም። ሲቀዳም ሲሸጥም በዓለም አንደኛ ነበር። ሴጋ ቤት የሚባል ግን በሰፈሬ አልነበረም።

ጃንዋሪ 31 ቀን 2001 ሴጋ ድሪምካስትን ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። እስከ መጨረሻው ከ9 ሚሊዮን ትንሽ በላይ ተሸጠ። ኩባንያው ተዘግቶ ያልቀረው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። ሲኤስኬ የተባለው ኩባንያ መሥራችና የሴጋ ሊቀመንበር ኢሳኦ ኦካዋ ከዚያ በፊትም ለሴጋ 500 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ ነበር። ታሞ ሳለ ዕዳውን ማረ፤ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የራሱን አክሲዮንም ለሴጋ ሰጠ። ማርች 16 ቀን 2001 አረፈ። ኦካዋ ቀደም ብሎ ሴጋ ከኮንሶል ንግድ ይውጣ ከሚሉት ወገን ነበር።

ኤክስቦክስ እንደ ሴጋ ይሆናል ለሚሉት አንድ ልዩነት አለ፤ ማይክሮሶፍት ገንዘብ አያጣም። ሴጋ የወጣው ኪሱ ባዶ ስለሆነ ነው። ማይክሮሶፍት ከወጣ ስለሰለቸው ይሆናል። ገዢው ያኔ ራሱን የጠየቀው ጥያቄ ግን ዛሬም ያው ነው፦ ይህን ዛሬ ብገዛ ከሦስት ዓመት በኋላ ጌም ይወጣለታል?

በ2001 ዲሴምበር ሶኒክ ጃፓን ውስጥ በኒንቴንዶ ማሽን ላይ ወጣ። ሴጋ ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ጌም ይሠራል፤ ይኖራልም። የሳንቲም ማሽን ቤቶቹን ግን ይዞ ቆየ። በ2020 ከነዚህ ቤቶች አብዛኛውን ድርሻ ጌንዳ ለሚባል ኩባንያ ሸጠ፤ በ2022 የቀረችውንም ሰጠ። ቶኪዮ ውስጥ ከሕንጻዎቹ ላይ ሴጋ የሚለው ጽሑፍ ወረደ። በቦታው ጊጎ የሚል ተሰቀለ። ማሽኖቹ አሁንም ሳንቲም ይጎርሳሉ።